ወንበር የሌለው ዝክር

ሚሉቲን ስለ ዝክር የሚያውቁት ሕግ ብዙ ነው፤ ከሁሉም አጥብቀው የሚይዙት ግን አንዱን ነበር። ባለቤት በዝክሩ ቀን አይቀመጥም። እንግዳ ይቀመጣል፣ ይበላል፣ ይጠጣል፣ ሰው ያማል። ባለቤት ግን ከማለዳ ጀምሮ ጧፉ እስኪያልቅ ድረስ ቆሞ ይቀዳል፣ ቆሞ ያነሳል። አባታቸው እንዲህ ነበሩ፣ አያታቸውም እንዲሁ። እሳቸውም ጉልበታቸው እየተንቋቋ በየዓመቱ ኅዳር ሚካኤልን እንደ ዘብ ቆመው ይውላሉ።

ስለዚህ ትንሹ ልጃቸው ኡሮሽ በመስከረም አንድ እሑድ መጥቶ፣ «አባባ፣ ዘንድሮ ሩቡን ይስጡኝ» ሲላቸው፣ ከሾርባቸው ቀና ሳይሉ ነው የመለሱለት።

«የምን ሩብ?»

«የዳቦውን ነዋ። ቤት ይዤ ወጥቻለሁ። ወንድሜ ነናድ ሲወጣ ሰጥተውት የለ?»

በሰርቢያዋ ቫልዬቮ ከተማ ይህን የማያውቅ የለም። አባት የዝክሩን ዳቦ አራት ቦታ ቆርሶ ከቤት ለወጣ ልጁ ሩቡን ይሰጠዋል። ልጅ ከዚያ ቀን ጀምሮ ራሱን የቻለ ቤት ነው፤ የራሱን ጧፍ ያበራል። ሩቡን ያልተቀበለ ግን ሽበት ቢወርሰው፣ ፎቅ ቢሠራ፣ ያው የአባቱ ቤት ልጅ ነው። ኡሮሽ ሠላሳ ስድስት ዓመቱ ነው። ከተወለደ ጀምሮ እግሩ ታዞለት አያውቅም፤ እጁና ጭንቅላቱ ግን የድርጅቶችን ድረ ገጽ እየሠሩ ቀለቡን ያስገኙለታል። በሚያዝያ ከማዘጋጃ ቤቱ ሊፍት ባለው ሕንፃ ላይ አንዲት ክፍልና ሳሎን ሲደርሰው፣ በነጋታው ጓዙን ጠቅልሎ ወጣ።

«ነናድ ሌላ» አሉ ሚሉቲን። «ባለቤት በዝክሩ ቀን አይቀመጥም። አንተ ደግሞ…» ማንኪያቸው አየር ላይ ቀረ። «ያው ታውቀዋለህ።»

«ተቀምጬ ነው የተወለድኩት።»

«እኔ እንደዚያ አላልኩም።»

«ደሞ ማን ወጣ አለ?» ብላ ገባችበት እናቱ ኮሳራ። «ልጄ ለጊዜው ነው እዚያ ያለው። አልጋው እንደተነጠፈ ነው።»

እውነቷን ነው። ከሚያዝያ ወዲህ ሰው ያልተኛበትን አልጋ አንሶላ በየቅዳሜው ትቀይራለች። ይህ ነገር የኡሮሽን ሆድ የሚያባባው ያህል ያናድደዋል።

«ቢሰጡኝም ባይሰጡኝም ጧፌን አበራለሁ» አለ።

«ልጅ ያቦካው ለእራት አይበቃም» አሉ ሚሉቲን፣ ሾርባቸውንም ጨረሱ።

ኡሮሽ የዚያን ቀን ወደ ቤቱ ሲመለስ ተናዶ ነበር፤ ከንዴቱ ሥር ግን ፍርሃት ነበረበት። ጧፍ ማብራት ቀላል ነው። አባቱ ካልመጡ ግን ያ ጧፍ ጧፍ እንጂ ዝክር አይሆንም።

ይህን ሁሉ ያጫወተው ለጎይኮ ነው። ጎይኮ ማዘጋጃ ቤቱ ደሞዝ የሚከፍለው የኡሮሽ የግል ረዳት ሲሆን፣ ድሮ በጦሩ አሥር አለቃ ነበር። ለሥራው ሲሠለጥን አንዲት አሠልጣኝ ቀኑን ሙሉ ስለ ራስ መቻል፣ ስለ ሰው ፈቃድ፣ ስለ ክብር ስትሰብክ ብትውል፣ እሱ ያን ሁሉ ጠቅልሎ አንድ ነገር ይዞ ወጣ፦ ትእዛዝ የሚሰጠው ዊልቸሩ ላይ የተቀመጠው ሰው ነው። ከዚያ ወዲህ አልተነቃነቀም። አንድ ቀን ሾርባ እየገነፈለ ምድጃው ሲጨስ ከአጠገቡ እጁን አጣምሮ ቆሞ ተገኘ።

«ምነው ዝም አልክ?» አለው ኡሮሽ።

«ትእዛዝ እየጠበቅኩ።»

«ሲያር እያየህ?»

«ሾርባው ያንተ ነው። ማሳረር አምሮህ እንደሆነስ?»

ኡሮሽ ሳቀ፤ ያረረውን ሾርባም አንድ ሳያስቀር ጠጣው። እናቱ ቤት ዕድሜውን ሙሉ አንዲት ነገር አሳርሮ አያውቅም ነበርና፣ የገዛ ሾርባውን ማሳረር ለእሱ ትልቅ ነገር ነው።

ለኅዳር ሚካኤል ሁለቱም እንደ ዘመቻ ተዘጋጁ። ዳቦው ታዘዘ፣ ጧፉ ተገዛ፣ ቄሱ ተነገሩ። ጎመኑ ተቀቅሎ፣ ስጋው ተጠቅልሎበት፣ አሳማው ወደ ዳቦ ቤቱ ምድጃ ተላከ።

«ንፍሮስ?» አለ ጎይኮ።

«ንፍሮ ለሞተ ቅዱስ ነው። ሚካኤል መች ሞቶ ያውቃል?»

ለዝክር ሰው አይጠራም፤ እንግዳ ደራሽ፣ ውሃ ፈሳሽ ነው። ጠርተህ ቢሆን የቀረውን ታውቀዋለህ፤ ሳትጠራ ግን ማን እንደሚመጣ እግዜር ብቻ ነው የሚያውቀው። ኮሳራ በዋዜማው መጥታ ሁሉን ነገር አገላብጣ ካየች በኋላ፣ አሮጌውን ዊልቸሩን ከቤት አስጭና «ድንገት አዲሱ ቢበላሽብህ» ብላ ኮሪደሩ ላይ ትታለት ሄደች። ኡሮሽም የእንግዳ ካፖርት መስቀያ ይሆናል ብሎ እዚያው ተወው።

በበዓሉ ማለዳ ቄሱ መጡ። ኡሮሽ ጧፉን በእጁ ለኮሰ፤ ቄሱ ጎንበስ ብለው ዳቦውን አብረው ይዘው አዞሩት፣ ወይን አፈሰሱበት፣ ቆረሱት፣ ተሳሳሙ። የአባቱ ሩብ የት እንዳለ አልጠየቁም፤ ወይ ረስተውት ነው ወይ አውቀው ነው። ከዚያ አረቄያቸውን ተቀብለው ለመቀመጥ ዞር አሉ፤ መልሰው ዞር አሉ፤ ደግመው ዞር አሉ።

«ኡሮሽ ልጄ፣ መቀመጫ የለም እንዴ?»

ኡሮሽ የገዛ ሳሎኑን ያን ጊዜ ገና አየው። ጠረጴዛ አለ። መደርደሪያ አለ። ምድጃው ዝቅ ብሎ በልኩ ተሠርቷል። ወንበር ግን አንድም የለም። የገባ ቀን ጎማው ላይ እየተጋረጡ ስላስቸገሩት ሁሉንም አስወጥቷቸው ነበር። ከጨው እስከ ስቴኪኒ ያልታሰበ ነገር የለም፤ ሰው የሚቀመጥበት ነገር እንደሚያስፈልገው ግን አንዴም ትዝ አላለውም። እሱ እንደሆነ የራሱን ይዞ ነው የሚዞረው።

«ጎይኮ! ወንበር የለንም እኮ! ለምን አልነገርከኝም?»

«አላዘዝከኝማ።»

ኡሮሽ ፊቱ ቀላ። ቄሱ ግን አረቄያቸውን ቆመው ጨለጡና ተነፈሱ። «ተወው ልጄ። የሄድኩበት ሁሉ ሲያስቀምጠኝ ነው ያረፈደው፤ ወገቤ ተቆርጧል» ብለው እየሳቁ ወጡ።

ቀጥላ የመጣችው የአባቱ እኅት አክስት ዴሳንካ ናት። ወደ ወንድሟ ዝክር ስትሄድ «ለአፍታ ብቅ ልበል» ብላ ነው፤ እውነቱ ግን የልጁን ጉድ ለማየት ነው። ዴሳንካ ዊልቸር ላይ የተቀመጠ ሰው ሁሉ ጆሮው የማይሰማ ይመስላታል። ኡሮሽ ላይ ጎንበስ ብላ ጮክ፣ ቀስ እያለች፣ «እን…ኳን… አደ…ረሰህ!» አለችውና ራሱን ዳበሰችው። ከዚያ ወደ ጎይኮ ዞረች።

«ስማ፣ ስጋውን አድቅቀህ አጉርሰው።»

ጎይኮ ጆሮ ዳባ ልበስ አለ።

«አንተን እኮ ነው!»

«ይቅርታ እሜቴ፣ እኔ የሱ ወታደር ነኝ።»

እያለ እያለ ቤቱ ሞላ። ጎረቤቱ መጣ፣ የነናድ አማቶች መጡ፣ ከሚሉቲን ጠረጴዛ «መጣን» እያሉ የተነሱ ሁሉ መጡ። ሳህን በማቀዝቀዣው ላይ፣ ብርጭቆ በመስኮቱ ደፍ ላይ ተደረደረ። ሌላ ቦታ ቢሆን ሰው በተቀመጠበት ከጎኑ ካለው አሰልቺ ጋር ተጣብቆ ይውላል፤ እዚህ ግን የሰለቸው ወደ ሌላው ይሻገራል። በአንዲት የፕለም ዛፍ ሰበብ ተኳርፈው የኖሩ ሁለት ሰዎች በጥበቱ ምክንያት አንድ ሳህን ለመያዝ ተገደው ማውራት ጀመሩ። ኡሮሽ በሰው እግር መካከል እየተሽከረከረ ይቀዳል፤ ከተሰበሰበው ሰው ሁሉ የተቀመጠው ባለቤቱ ብቻ ነው። ማንም አልሄደም። ኮሳራ እንኳ «ልጄ ምን ሆነ፣ አይቼ ልምጣ» ብላ ከባሏ ቤት ወጥታ፣ እዚህ ደርሳ ሦስተኛውን አረቄ ይዛለች።

ኡሮሽ ደስ ብሎታል፤ ዓይኑ ግን ከበሩ አይነቀልም። ባለቤት ዝክሩን ጥሎ አይወጣም። አባቱ እንደማይመጡ ያውቃል፤ ቢያውቅም ያያል።

ጉድና ጅራት ከወደኋላ ነው። ከሰዓት በኋላ በሩ ተበርግዶ ሚሉቲን ከነካፖርታቸው ቆመው ታዩ። ሰውዬው ከጎህ ጀምሮ ቆመው፣ የሞላ ጠረጴዛ ፊት ለፊት ብቻቸውን ቀርተው፣ በመጨረሻ እንግዶቻቸውን ሊያስመልሱ ነው የመጡት።

«እዚህ ነው እንዴ ያላችሁት?» አሉ። «አሳማዬ ማንን ይጠብቅ?»

ኮሳራ ብርጭቆዋን ከጀርባዋ ደበቀች። ሚሉቲን አንድ እርምጃ ወደፊት ሲሉ ጉልበታቸው ከዳቸው፤ ግድግዳውን ያዙ። የሚይዙት ወንበር ፈለጉ፣ አጡ።

«ጎይኮ፣ ካፖርቶቹን አንሳና ያንን ከኮሪደሩ አምጣ» አለ ኡሮሽ።

ሚሉቲን የመጣላቸውን ዊልቸር አይተው፣ «እዚህ ላይማ አልቀመጥም» አሉ። ጉልበታቸው ግን ሳያማክራቸው ተቀመጠ።

ከዚህ በኋላ የሆነው የማንም ሴራ አይደለም፤ ልማድ ነው። ዴሳንካ ወንድሟን ዊልቸር ላይ ስታይ ወገቧ በራሱ ጎንበስ አለ።

«ሚሉ…ቲን! ራ…በህ?» ራሳቸውን ዳበሰችና ወደ ኮሳራ ዞረች። «አረቄ ይጠጣል? ወይስ ውሃ ብንሰጠው ይሻላል?»

«ምላስ አለኝ እኮ!» አሉ ሚሉቲን።

«አይዞህ፣ አይዞህ» አለቻቸው። ጎረቤቱ በበኩሉ ማቀዝቀዣውን ለመክፈት ሲል፣ ምንም ሳይላቸው ከኋላ ያዛቸውና ወደ ጥግ ገፋቸው። ፊታቸው ወደ ግድግዳ ሆኖ ቀረ። አንድ ሰው አንገታቸው ላይ ናፕኪን አሰረ።

ኡሮሽ ደስ አላለውም ብል ውሸት ነው። ትንሽ ደስ አለው። የአባቱ ጆሮ ከኋላ ቀልቶ ሲያይ ግን አንጀቱን በላው። ያንን ግድግዳ እሱ በደንብ ያውቀዋል፤ ልጅ ሆኖ በእንግዳ ቀን የሚያቆሙት እንዲህ ነበር፣ የሚገፉትም እኒሁ እጆች ነበሩ። ተሽከርክሮ አጠገባቸው ደረሰ።

«አባባ፣ የት መሆን ይፈልጋሉ?»

ይህን ጥያቄ ሚሉቲን ልጃቸውን አንድ ቀን እንኳ ጠይቀው አያውቁም ነበር፤ ያን ጊዜ ገና ታወቃቸው፣ አፈሩም።

«ጧፉ ጋ» አሉ ዝቅ ባለ ድምፅ።

«ፍሬኑ በግራዎ ነው። ይልቀቁትና ጎማውን ሁለቱንም እኩል ይግፉ።»

እኩል አልገፉም። መጀመሪያ ምድጃውን፣ ቀጥለው የዴሳንካን ቅልጥም ገጩ። ዴሳንካ «ዋይ!» ስትል፣ «ጮክ ብለሽ አታውሪኝ፣ እሰማለሁ» አሏት። ጧፉ ጋ ሲደርሱ ላብ አጥምቋቸዋል። ኡሮሽ አረቄ ቀዳላቸው፤ ተቀበሉትና ወለሉን እያዩ፣

«ባለቤት በዝክሩ ቀን አይቀመጥም ብዬህ ነበር» አሉ።

«ብለዋል።»

«እኔ ደግሞ ዛሬ ተቀምጫለሁ።»

«እያየሁ ነው።»

«እንግዲህ በዚህ ቤት ባለቤት አይደለሁም ማለት ነዋ። እንግዳ ነኝ።»

እጃቸውን ካፖርታቸው ኪስ ሰደው በናፕኪን የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጠዋት ዳቦው ሲቆረስ ነው ኪሳቸው የከተቱት፤ ልሰጥ አልሰጥ እያሉ ሲያመነቱ ቀኑን ሙሉ ይዘውት ውለዋል። ጠርዙ ተፈርፍሯል። ሩቡን በልጃቸው እጅ ላይ አኖሩ። ኡሮሽ «እግዜር ይስጥልኝ» ብሎ ዳቦውን ስሞ ከራሱ ዳቦ አጠገብ አስቀመጠው። ኮሳራ ጥግ ላይ እያለቀሰች፣ «ያንን አልጋ እንግዲህ ለማን ላነጥፈው ነው?» አለች።

ሚሉቲን ብርጭቋቸውን ጨርሰው ወደ በሩ ለመዞር ታገሉ፤ አቃታቸው። ጎይኮ ላይ አፈጠጡ።

«ምን ያስገትርሃል? ግፋኝ እንጂ።»

ኡሮሽ ረዳቱ የሚለውን አውቆ አፉን ሊከፍት ሲል፣ ጎይኮ ተረከዙን ገጭ አድርጎ ቀጥ አለ።

«እሺ ጌታዬ» አለ። «ትእዛዝ የሚሰጠው እላዩ ላይ የተቀመጠው ነው። የት እንሂድ?»

«ቤቴ። ቀስ ብለህ ግን፣ ስጠይቅህ ቁም» አሉ ሚሉቲን። ከሊፍቱ አጠገብ ሲደርሱ ሊሸኛቸው ወደ ተከተላቸው ልጃቸው ዞሩ። «ለከርሞ ግን ወንበር ግዛ፣ አንተ ሰውዬ። ሰው በቤትህ ቆሞ አይውልም።»

«አልገዛም» አለ ኡሮሽ። «እርስዎ ያንን የተቀመጡበትን ይዘው ይምጡ።»