ደመወዝ ጠያቂው ቄስ

ቄስ ባዘዘው በሬ ሲገዙ ጥርሱን ሳያዩ፣ ሸኮናውን ሳያነሡ፣ ሁለት ዙር ሳያስነዱ ገንዘብ ከመቀነታቸው ፈትተው አያውቁም። የይጁቤ ገበያ ከብት ነጋዴዎች ከሩቅ ሲያዩዋቸው «መጡ ደግሞ መርማሪው!» እየተባባሉ ይሥቁባቸው ነበር። በ1998 ዓ.ም. መስከረም ላይ ትልቋ ልጃቸው ትሕትና የዐሥረኛ ክፍል ውጤቷን ይዛ መጣች። «ማርቆስ ጤና ኮሌጅ ያስገባኛል፤ ግን የምማረውን ሙያ መርጬ እስከ ዓርብ ፎርም መሙላት አለብኝ» ስትላቸው፣ እንደ ሌላው አባት እልል አላሉም።

«ስንት ዓይነት ነው ሙያው?» አሉ።

«አራት ነው አባባ። ነርስ፣ አዋላጅ፣ ላቦራቶሪ፣ ፋርማሲ።»

«የትኛው ነው እንጀራ የሚያበላ?»

ትሕትና የውጤት ወረቀቷን አጣጥፋ ያዘች። የልቧን ምኞት አባቷ አሳምረው ያውቁት ነበር። ከሁለት ዓመት በፊት የአጎቷ ሚስት ምጥ ጠንቶባት በቃሬዛ ይጁቤ ጤና ጣቢያ ስትወሰድ፣ ትሕትና ውኃ ይዛ ተከትላ ነበር። የጤና ጣቢያው አዋላጅ ሲስተር ጤናዬ ያን ቀን ረዳት አጥታ ኖሮ፣ «ነይ አንቺ ልጅ፣ እጇን ያዥልኝ» ብላ አስገባቻት። ከዚያ ወዲህ ትሕትና በገበያ ቀን ጨውና በርበሬ ግዢ ተብላ ስትላክ፣ ገበያዋን በሩጫ ጨርሳ የምትቀመጠው ጤና ጣቢያው ግቢ ነው። እናቷ ሥራነሽ ብትቆጣም፣ አለንጋ ብታነሣም አልተወችም። አንድ ቀን ቄስ ባዘዘው ክርስትና ሊያነሡ ሕፃን ሲቀበሉ፣ ትሕትና ጠጋ ብላ «ይህን ልጅ በፎጣ የጠቀለልሁት እኔ ነኝ» ብላ በጆሯቸው ሹክ አለቻቸው። ፊቷን ቀና ብለው ሲያዩ የሚያነቡት መስመር ጠፋቸው።

ይህን ሁሉ ያውቃሉ። ግን ከትሕትና በታች ከዜማ ጀምሮ አራት ልጆች አሉ። መሬቱ ሦስት ጥማድ ነው፤ ቤቱም ሣር ክዳን ሆኖ በየክረምቱ ያፈሳል።

«ተነሽ፣ እንሂድ» አሏት። «የሥራን ነገር የሚያውቀው የሠራው ነው። ጠይቀን ነው የምንመርጠው።»

«አባባ፣ ሰው ደመወዙን ይጠየቃል? ነውር አይሆንም?»

«በሬም አፉን ሲከፍቱት አይወድም፤ ግን ይከፈታል።»

አውቶቡሱ የሚነሣው ከይጁቤ ስለነበር መጀመሪያ ያገኙት ሲስተር ጤናዬን ነው። ጤናዬ እጇን እያደረቀች ወጥታ የቄሱን መስቀል ተሳለመች። ለቄስ ባዘዘው የዚያን ዕለት አንድ ነገር ተገለጠላቸው። መስቀሉን አሳልሞ ደመወዝ ለሚጠይቅ ቄስ የሚዋሽ ሰው አይገኝም።

«እውነቱን ልንገርዎ አባ» አለች ጤናዬ። «ሲጀመር የአራቱም ደመወዝ አንድ ነው፤ የመንግሥት እርከን ነው። ከስድስት መቶ ብር እምብዛም አያልፍም። ልዩነቱ የሚመጣው ወደ ኋላ ነው። ለእኔ የሚጨመርልኝ የተረኝነት ክፍያ ብቻ ነው፤ እሱም ሲዘገይ ሦስት ወር ይቆያል። ዐሥራ አንድ ዓመት ሠርቼ አሁንም የምኖረው በኪራይ ቤት ነው።»

«ታዲያ ምን ይዞሽ ነው?»

ጤናዬ ሣቅ ብላ ትሕትናን አየቻት። «እሱን ለእርስዎ እንዴት ብዬ ልንገርዎ? ለእሷ ግን መንገርም አያስፈልጋት።»

ማርቆስ ከሰዓት በኋላ ገቡ። ቄስ ባዘዘው ነጠላቸውን አስተካክለው ሆስፒታሉ በር ላይ ቆሙና ነጭ ጋዋን የለበሰውን ሁሉ እያስቆሙ ይጠይቁ ጀመር። አንዲት ነርስ በሩጫ ላይ ሆና «አባ፣ ልጅዎ እኔን ተከትላ ነርስነት እንዳትገባ!» ብላቸው አለፈች። ምናለ የሚባል ቀጭን የላቦራቶሪ ባለሙያ ግን ጊዜ ሰጣቸው። ከመንግሥት ሥራው ሲወጣ ማታ ማታ በግል ክሊኒክ እንደሚሠራ፣ ሁለቱ ሲደመሩ ደኅና እንደሆነ፣ ሚስቱን ግን ከእሑድ በቀር በብርሃን አይቷት እንደማያውቅ ነገራቸው። ትሕትና የተባለውን ሁሉ ደብተሯ ላይ ትጽፋለች። ቀና አትልም።

ምናለ «ገንዘብ ከሆነ የፈለጉት፣ ፍሥሐን ይጠይቁ» ብሎ በጣቱ መንገዱን ማዶ አሳያቸው።

ፍሥሐ ከሆስፒታሉ ፊት ለፊት መድኃኒት ቤት ያለው፣ ሆዱ ትንሽ ወጣ ያለ፣ ሣቂታ ሰው ነው። ለቄሱ ወንበር አቀረበ፤ ለትሕትና ለስላሳ አስከፈተላት።

«ደመወዝማ የለኝም አባ፤ ሱቅ ነው ያለኝ» አለ። «በፋርማሲ ዲፕሎማ ይዤ መንግሥት ቤት አምስት ዓመት ሠራሁ። ከዚያ ፈቃድ አወጣሁ። ነርሷ በወር የምታገኘውን እኔ ገበያ በደራ ሳምንት አገኘዋለሁ። ክረምት ደግሞ ወባው አለ፣ ሳሉ አለ።»

«አዋላጅስ የራሷን በር ከፍታ መሥራት አትችልም?»

«በዲፕሎማ ማን ይፈቅድላታል? ደግሞስ ምጥ ሸቀጥ አይደል፣ መደርደሪያ ላይ አይደረደር!»

ፍሥሐ በነገሩ ሣቀ። ቄስ ባዘዘውም ሣቁ። ትሕትና ለስላሳዋን አልነካችውም።

ማርቆስ ዘመድ ቤት አድረው በማግሥቱ ጠዋት ኮሌጁ ግቢ ገቡ። ትሕትና ፎርሙን ተቀብላ አንድ ግራር ሥር ተቀመጠች፤ አባቷም አጠገቧ። ስሟን፣ የአባቷን ስም፣ የትውልድ ቀበሌዋን ሞላች። «አንደኛ ምርጫ» የሚለው ላይ ስትደርስ እስክሪብቶው ቆመ።

ቄስ ባዘዘው ቆሞ የቀረውን እስክሪብቶ እያዩ፣ ለሰው ነግረውት የማያውቁት ነገር ትዝ አላቸው። በዐሥራ ሰባት ዓመታቸው ዋሸራ ቅኔ ቤት ነበሩ። የመጀመሪያውን የቅኔ ደረጃ ጉባኤ ቃናውን አልፈው፣ መምህራቸው «አንተስ ትደርሳለህ» ብለዋቸው ነበር። አባታቸው ሞቱና እናታቸው ሰው ላኩባቸው። «ቅኔ ማንን አጠገበ? ና፣ ቀስሰህ የቅዳሴ መሬቱን ያዝ» የሚል ነበር መልእክቱ። መጡ፤ ቀሰሱ፤ መሬቱን ያዙ። እናታቸው አልተሳሳቱም፤ ሁሉም በልቶ አድሯል። ነገር ግን ሠላሳ አምስት ዓመት ሙሉ፣ በበዓል ቀን ባለቅኔ ተነሥቶ ሲቀኝ ቄስ ባዘዘው መቋሚያቸውን አጥብቀው ይዘው መሬት መሬት ያያሉ። ሰው ትሕትና ይመስለዋል። የመጀመሪያ ልጃቸውን በዚያ ስም የጠሩት ያን ስላሰቡ ይሁን አይሁን ለራሳቸውም አይገባቸው።

አንድ ቃል ከአፋቸው ጫፍ ደርሶ ነበር። አልወጣም። ትሕትና ጎንበስ ብላ «ፋርማሲ» ብላ ጻፈች።

«ዜማ ገና ሦስተኛ ክፍል ናት አባባ» አለች ፎርሙን እያጠፈች። «ከእሷ በታች ያሉትንም አስቧቸው እንጂ።»

«እግዚአብሔር ይባርክሽ» አሉ።

ፍሥሐ ያለው ሁሉ እንዳለው ሆነ። ትሕትና ሦስት ዓመት ተምራ ተመረቀች፤ ጎንቻ ውስጥ ባለ የመንግሥት ጤና ጣቢያ አምስት ዓመት መድኃኒት አደለች፤ ከዚያም ፈቃድ አውጥታ ጉንደ ወይን ላይ ከዋናው መንገድ ዳር መድኃኒት ቤት ከፈተች። በዓመቱ ያባቷ ቤት ቆርቆሮ ለበሰ። ሥራነሽ በጎረቤት ፊት «ልጄ» ስትል አገጯ ከፍ ይል ጀመር። ዜማ ዐሥራ ሁለተኛን ስትጨርስ ትሕትና ጉንደ ወይን ድረስ አስጠርታ፣ «አዋላጅነት ግቢ፤ ወጪሽን በሙሉ እኔ እችላለሁ፤ ሌላ ምንም አታስቢ» ብላ ለመነቻት። ዜማ «ስንት ይከፍላል?» ብላ ጠየቀች። ሲነገራት ሒሳብ አያያዝ ገባች።

በ2008 ዓ.ም. የካቲት ላይ ቄስ ባዘዘው ልጃቸውን ሊጠይቁ በማርቆስ በኩል ሁለት አውቶቡስ ቀይረው ጉንደ ወይን ሄዱ። በማግሥቱ ጠዋት መድኃኒት ቤቱ ውስጥ ካለው አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ልጃቸው ስትሠራ ያያሉ። ቀልጣፋ ነች። ሳል ላለው፣ ዓይኑ ለቆሰለው፣ ሆዱን ለቆረጠው ረጋ ብላ ታስረዳለች፤ ሰዉም መርቋት ይወጣል።

ረፋድ ላይ አንድ ጎልማሳ ላቡ እየተንጠባጠበ ገባ፤ ከጤና ጣቢያው የተጻፈ ወረቀት ይዟል። ገዳሙ ይባላል፤ እዚያው ጉንደ ወይን እህል የሚነግድ ሰው ነው።

«ጓንትና ግሉኮስ ነው አሉኝ፤ እነሱ ጋ አልቋል። ቶሎ በይልኝ እታለም!»

ትሕትና ወረቀቱን ተቀበለች። ዕቃውን ከማንሣቷ በፊት ግን ጥያቄው ወጣ። «ምጡ መቼ ጀመራት?»

«ሌሊት ዶሮ ሲጮህ።»

«ስንተኛዋ ነው? የእሽርት ውኃው ፈሷል? መልኩስ ምን ይመስላል?»

«እኔ ምኑን አውቄው! ሁለተኛዋ ነው፤ ስጪኝ እባክሽ!»

ሰጠችው። ሰውየው ገንዘቡን ጠረጴዛው ላይ በትኖ ሲሮጥ እሷም ተከትላው እስከ በሩ ወጣች። «በግራ ጎኗ ትተኛ! ለብቻዋ አትተዋት፣ እጇን የሚይዝ ሰው ይኑር!» ብላ ጮኸችበት። ሰማም አልሰማም። ከዚያ በሩን ተደግፋ ቆመች፤ ዓይኗ ወደ ጤና ጣቢያው በሚወስደው መንገድ ላይ ቀረ። ሁለት ሰዎች መድኃኒት ሊገዙ መጥተው ከኋላዋ ቆመዋል፤ አላየቻቸውም። ቄስ ባዘዘው «ትሕትና፣ ሰው አለ» አሏት። ዘወር ብላ ስትገባ፣ አባቷ መሬት መሬት ያዩ ነበር።

ሰዎቹ ሲወጡላቸው፣ «ያን ቀን» አሉ ቄስ ባዘዘው፣ «ግራሩ ሥር አንድ ቃል ልነግርሽ ነበር።»

«ምን ብለው?»

«ያሻሽን ጻፊ ልልሽ ነበር።»

ትሕትና የመድኃኒት ካርቶን እየከፈተች ነበር። ከፍታ ጨረሰች፤ ብልቃጦቹን አንድ በአንድ ደረደረች።

«ቢሉኝም ያንኑ ነበር የምጽፈው» አለች በመጨረሻ። «ቤቱ ያፈስ ነበር እኮ አባባ።»

«አውቃለሁ።»

ባዶውን ካርቶን አጣጥፋ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ፣ «ግን ቢሉኝ ደስ ይለኝ ነበር» አለች።

ቄስ ባዘዘው ይህን ሲሰሙ፣ ለልጅ የማይነገር የመሰላቸውን የዋሸራን ነገር ሁሉ ተረኩላት። መምህራቸው ያሏቸውን፣ እናታቸው የላኩትን፣ አኮፋዳቸውን ለጓደኛቸው ሰጥተው በእግራቸው ሲመለሱ ወንዙን ተሻግረው ዘወር ብለው ማየታቸውን ነገሯት። ትሕትና ጠረጴዛው ላይ በክርኗ ተደግፋ ሰማቻቸው። አላጽናናቻቸውም፤ እሳቸውም አላጽናኗት። ገበያተኛ ሲመጣ ያቆማሉ፤ ሲሄድ ይቀጥላሉ።

ዘጠኝ ሰዓት ላይ ገዳሙ ተመልሶ መጣ፤ አሁን የሚሮጠው በደስታ ነው። «ሴት ናት! ሁለቱም ደኅና ናቸው!» አለ፤ ጠዋት ጥሎት የሮጠውን የገንዘቡን መልስ ሊቀበል አልነበረም የመጣው፤ ለሚያገኘው ሁሉ እየተናገረ ነው።

«ማን ነበር ያዋለዳት?» አለች ትሕትና።

«አንዲት ልጅ ናት፤ አዲስ የመጣች። ትንሽ ልጅ እኮ ናት፤ እጇ ግን ወርቅ ነው!»

«እጇ ወርቅ ነው» ብላ ትሕትና ደገመችው። ከዚያ «ነገ ጠዋት መጥቼ ልያቸው?» ብላ ጠየቀች፤ እንደ ባለ ሱቅ ሳይሆን ፈቃድ እንደምትለምን ልጅ።

ገዳሙ «ምን ትያለሽ! ከቄሱ ጋር ኑ እንጂ፣ ጸበልም ይርጩልን» አለ።

በማግሥቱ ትሕትና የሕፃን ሳሙናና ንጹሕ ፎጣ ጠቅልላ፣ የመድኃኒት ቤቷን በር በሁለት ቁልፍ ቆልፋ ወጣች። የዓርብ ገበያ ቀን ነበር፤ ከሁሉ ቀን የበለጠ የሚሸጠው ያን ቀን ነው። አባቷ ይህን ቢያውቁም አላነሡትም። ገዳሙ ቤት ሲደርሱ ጸሎታቸውን አድርሰው፣ ጸበሉን ረጭተው ለሴቶቹ ቦታ ለመልቀቅ ደጅ ወጥተው ድንጋይ ላይ ተቀመጡ።

በበሩ ክፍት ይታያቸዋል። የገዳሙ ሚስት የኔአለም መደብ ላይ ጋደም ብላለች። ትሕትና ሕፃኗን ታቅፋ ከጎኗ ተቀምጣ ትጠይቃታለች፤ ምጡ ሲጀምር እንዴት እንደነበረ፣ አዋላጇ ልጅ ምን እንዳለቻት፣ መቼ እንድታምጥ እንዳዘዘቻት፣ ሕፃኗ መጀመሪያ ስታለቅስ ድምፅዋ ምን ይመስል እንደነበር። የኔአለም ያን ሁሉ የሚጠይቃት ሰው በማግኘቷ ደስ ብሏት አንዱንም ሳታስቀር ትመልሳለች። ሕፃኗ እንቅልፏን ትተኛለች። ፀሐይ ከፍ አለች፤ ትሕትና አልተነሣችም።

ገበያ የወጡ ሰዎች በመንገዱ ያልፋሉ። አንድ ሽማግሌ በትራቸውን ተደግፈው ቆሙና መስቀል ተሳልመው፣ «አባ፣ ያቺ ልጅዎ ናት አሉኝ፤ መድኃኒት ቤቱን ዘግታዋለችሳ፤ ምነው በደኅና?» አሏቸው።

«በደኅና ነው» አሉ ቄስ ባዘዘው። «ጥቂት ይጠብቋት። ዛሬ ሥራ ላይ ናት።»