ባሕሩ በሸሸ ሰዓት የተለካ ውሃ

ሰው ሁሉ «ሜትር» ይለዋል። ስሙን የሚያውቀው የማዘጋጃ ቤቱ ደሞዝ ክፍል ብቻ ነው፤ ታላቅ እህቱ እንኳ «አንተ ልጅ» እያለች ነው የምትጠራው፣ ሃምሳ ሊሞላው ሁለት ዓመት ቀርቶት። የደሴቲቱ ብቸኛ ቀያሽ ነው። የመለኪያ ሜትሩን ከቀበቶው ሳይፈታ ሰርግ ይሄዳል፣ ለቅሶ ይደርሳል።

ጣጣው የመጣው በቆሻሻ ነው። የድሮው መጣያ ሞልቶ መንገዱ ላይ ተናደ፤ ከዚያ ከሥሩ እሳት ያዘውና ሦስት ወር ሙሉ ጨሰ። የወደብ ሰፈር ሕፃናት ሲያስሉ ያድራሉ። ደሴት ላይ መኖር መከራው ይሄ ነው እንግዲህ፤ የምትጥልበት ማዶ የለህም፣ ዞረህ ዞረህ የምትጥለው ራስህ ጓሮ ነው። ከንቲባው ሜትርን አስጠርቶ፣ «አዲስ ቦታ ፈልግልኝ፤ ዛሬ ነገ ሳትል!» አለው።

ሦስት ቦታ ነበር። የመጀመሪያው ወደቡ አጠገብ የትልልቅ ሰዎች መሬት ሆነና ሳይለካ ቀረ፤ ይሄን በቃለ ጉባኤ ላይ አታገኘውም እንጂ ሁሉም ያውቀዋል። ሁለተኛው አለት ነው፣ ዶማ አይበሳውም። ሦስተኛው ከታችኛው ሰፈር በላይ ያለው ሰፊ አሸዋማ ሜዳ ነው። ታችኛው ሰፈር ደግሞ ያለው አንድ ጉድጓድ ብቻ ነው፤ ሁለት መቶ ቤት የሚጠጣው ከሱ ነው። ሜትር የተወለደው እዚያ ነው። እናታቸው ስትሞት እሱ የስድስት ዓመት ልጅ ነበር፤ እህቱ ትምህርቷን ጥላ፣ ከዚያ ጉድጓድ ውሃ እየቀዳችና ወደብ ድረስ ተሸክማ እየሸጠች አሳደገችው፣ አስተማረችው። ዛሬ የጉድጓዱ ኮሚቴ ሰብሳቢም፣ በከተማው ምክር ቤት የሰፈሩ ተወካይም እሷው ነች።

ደንቡ ለማንም ግልጽ ነው፤ ከቆሻሻው ወለል እስከ ከርሰ ምድር ውሃው ቢያንስ ሁለት ሜትር ደረቅ አፈር መኖር አለበት። ይሄን ለማየት በመርከብ የመቆፈሪያ መኪና መጣ። መኪናው ዝሆን የሚያህል ነው፤ በሰፈሩ ጠባብ መንገድ አያልፍም። ያለው መንገድ የባሕሩ ዳር አሸዋ ነው፤ እሱም የሚገለጠው ባሕሩ ሲሸሽ ብቻ። ስለዚህ በየቀኑ ባሕሩ ሲሸሽ ይገባሉ፣ እየተጣደፉ ይቆፍራሉ፣ ሜትር ይለካል፣ ባሕሩ ሳይመለስባቸው ይወጣሉ። በስድስት ቀን ስድስት ጉድጓድ ተቆፈረ፤ ደረቁ አፈር በሁሉም ሁለት ሜትር ከሰማንያ ገደማ ወጣ። ፈረመ። ማኅተም ተመታበት። ጉድጓዶቹ ተደፈኑ፣ መኪናውም ወደመጣበት ተመለሰ።

«አንተ ልጅ፣ ውሃዬን አይነካብኝም?» ብላ ጠይቃው ነበር እህቱ።

«አንቺን ይንሳኝ እትዬ፣ ጠብታ አይነካውም።»

እሷም ሰፈሩን ሰብስባ፣ የሚያጉረመርመውን ዝም አሰኝታ፣ «ወንድሜ በእጁ ለክቶታል» ብላ አስማማች።

ምክር ቤቱ ሊያጸድቀው አንድ ቀን ሲቀረው፣ እሁድ ቀትር ላይ፣ ሜትር ምሳ ሊበላ እህቱ ቤት መጣ። እንስራው ባዶ መሆኑን አይቶ ባልዲውን አነሳ።

«ተወው፣ አሁን ገመዱ አይደርስልህም» አለችው። «ባሕሩ ሲመለስ ነው የሚቀዳው። ወይ ጉድ! ስንቴ የተገረፍክበትን ነገር እንዲህ ትረሳዋለህ?»

ሜትር ባልዲውን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

አልረሳውም ነበርኮ! ይሄ ነው የሚያንገበግበው። ባሕሩ ሲሞላ የጉድጓዱ ውሃ ይነሳል፤ ሲሸሽ ይወርዳል። የታችኛው ሰፈር ልጅ ይሄን የሚያውቀው አፉን ሳይፈታ ነው። እሱ ግን ሜዳው ላይ የቆመው እንደ ሰፈር ልጅ ሳይሆን እንደ መሐንዲስ ነው፤ ወረቀት በእጁ፣ ዓይኑ ሰዓቱ ላይ፣ «ቶሎ በሉ፣ ባሕሩ መጣ!» እያለ። የሚያባርረው ባሕር ያን ውሃ ከሥሩ እያነሳው እንደሆነ አንድም ቀን ብልጭ አላለለትም።

ሜትሩን ፈትቶ ወደ ጉድጓዱ ሰደደ። ከአፋፉ እስከ ውሃው አራት ሜትር ከአሥር። ምሳውን ሳይቀምስ አፋፉ ላይ ቁጭ አለ። እህቱም ነገሩ አላምር ሲላት መጥታ ጎኑ ተቀመጠች። አሥራ ሁለት ሰዓት ሊሆን ሲል ባሕሩ ሞላ፤ እንደገና ለካ። ሁለት ሜትር ከሰባ። አንድ ሜትር ከአርባ ተነስቷል! እዚያ ሜዳ ላይም እንዲሁ ከተነሳ፣ ደረቅ የተባለው አፈር በቀን ሁለቴ እስከ ግማሹ ይርሳል፤ ደንቡ ያለው ሁለት ሜትር አይተርፍም፤ ከቆሻሻው የሚንጠባጠበው እጣቢ ሳይጣራ ቁልቁል ወደዚህ ጉድጓድ ይወርዳል።

ሁሉንም ነገራት። አልጮኸችም።

«ታዲያ ነገ ንገራቸዋ» አለችው። «ሰው አይሳሳትም እንዴ? ንገራቸውና ይቅር።»

ሰኞ ጠዋት የማዘጋጃ ቤቱ አዳራሽ ሞልቷል። የፕላስቲክ ወንበሩ ይንቋቋል፣ ቬንትሌተሩ ይንጫጫል፣ በመስኮቱ የድሮው መጣያ ጭስ ይገባል። ከየሰፈሩ አንድ አንድ ተወካይ ተቀምጧል። ሜትር ተነሳና ተናገረ፤ «ተሳስቻለሁ፤ የለካሁት ሁሉ ባሕሩ በሸሸ ሰዓት ነው። እንደገና ይለካ።»

«ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ!» አለ የወደብ ሰፈር ተወካይ፣ ዓሣ ነጋዴው። «አሁን ገና የእህቱ ሰፈር ትዝ አለው! የኔ ልጅ ደም እያሳለ ነው፣ ሰውዬ!»

አዳራሹ ተንጫጫ። ከንቲባው ግን አልጮኸም፤ ክፉ ሰው የሚያስፈራው ቀስ ብሎ ሲናገር ነው። ወረቀቱን ከፍ አድርጎ፣ «ይሄ ፊርማ የማን ነው?» አለ።

«የኔ።»

«በዚህ ወረቀት ውል ፈርመናል፣ ግሬደር ሜዳው ላይ ቆሟል። ትክክል ነው ካልክ እንቀጥላለን። ሐሰት ነው ካልክ ደግሞ በሐሰት ሰነድ መንግሥትን አታልለሃል ማለት ነው።» ወደ ሕግ ክፍል ኃላፊዋ ዞረ። «ስንት ዓመት ነው?»

«ሰባት» አለች፣ ቀና ሳትል።

 ሜትር ግን አልተቀመጠም። «ምስክር አለኝ» አለ። «ትናንት ስለካ እህቴ አጠገቤ ነበረች።»

ከንቲባው በአክብሮት ወደ እሷ ዞረ። «እናቴ፣ በዚያ ጉድጓድ ከእርስዎ በላይ አዋቂ የለም። ቃልዎ በቃለ ጉባኤ ይገባል። ውሃው ይነሳል ካሉ ሥራው ይቆማል፣ ልጁንም ዛሬውኑ ለፖሊስ እናስረክባለን። አይነሳም ካሉ ሥራው ይቀጥላል፣ እሱም ወደ ቢሮው ይመለሳል። ይነሳል ወይስ አይነሳም?»

እህቱ ወንበሩን ተደግፋ ተነሳች። ሜትር ዓይን ዓይኗን እያየ፣ «በይ እትዬ፣ ንገሪያቸው» አላት።

ወንድሟን ሳይሆን በከንቲባው እጅ ያለውን ወረቀት አየች። 

«አይነሳም» አለች።

«እትዬ!»

«ዝም በል አንተ ልጅ!» ድምፏ ተሰነጠቀ። «አርባ ዓመት ቀድቻለሁ፣ አንተ ልታስተምረኝ ነው? ውሃው ባለበት ነው ያለው። ሰሞኑን እንቅልፍ አጥቶ ነው፣ አትፍረዱበት። መጀመሪያ የለካው ልክ ነው።»

እጅ ይውጣ ተባለ። ወጣ። የታችኛው ሰፈር ተወካይም እጇን አወጣች።

ሜትር ደረጃው ላይ ደረሰባት፤ ክንዷን ያዘ። «ምን አደረግሽ? ሁለት መቶ ቤት ነውኮ! እኔ እታሰር ነበር፣ እወጣ ነበር!»

«እኔ ያሳደግኩት አንተን ነው፤ ሰፈሩን አላሳደግኩም» አለችው። ወዲያው በራሷ ቃል ደንግጣ አፏን በመዳፏ ያዘች። ከዚያ ክንዷን አላቀቀችና፣ «አንድ ነገር ብቻ ንገረኝ፤ መቼ ነው የሚበላሸው?» አለች።

ሜትር መልሱን ላለመናገር ዞር አለ። እሷ ግን ቆማ ጠበቀችው።

«ሦስት ዓመት» አለ። «ቢበዛ አራት።»

«እንግዲያው እስከዚያ እንጠጣለን። ማንም ቢጠይቀኝ አልናገርም፤ ሆዴ ይፍጀው።» ሻሿን አስተካክላ ወደ ታችኛው ሰፈር መንገድ ጀመረች፤ ሁለት እርምጃ ሄዳ ቆመች፣ ግን አልዞረችም። «አራት ዓመት ሲሞላ መጥተህ አንተው ትነግራቸዋለህ። እኔ እንደሆንኩ የዚያን ቀን ዓይናቸውን ማየት አልችልም።»