አዳማን የሚወርርልኝ አጣሁ

ሰው አገሩ እንዳይወረር ይዋጋል፤ እኔ ግን ጅጅጋ ቁጭ ብዬ የሚወርረኝ ለምኜ አጣሁ። ነገሩ ከአለቃዬ ከአቶ ዐብዲወሃብ ጋር ነው። የዕቅድ ክፍሉ ኃላፊ እሳቸው፣ ባለሙያው እኔ፣ የኋላሸት።

ባለቤቴ ሮዛ አዳማ ናት። ከተጋባን ጀምሮ አብረን የኖርነው በዓመት ፈቃድ ብቻ ነው። አዳማ ያለው መሥሪያ ቤት ሊቀበለኝ ተስማምቶ፣ የቀረኝ የአቶ ዐብዲወሃብ የመልቀቂያ ፊርማ ነበር። ስጠይቃቸው በአገጫቸው ኮምፒውተሩን አሳዩኝ።

«ጨዋታችን ሲያልቅ እፈርማለሁ፣ ወላሂ።»

ጨዋታው በየተራ የሚጫወቱት ነው። የጥንት መንግሥት ይዘህ ከተማ ትቆረቁራለህ፣ ጦር ታሰለጥናለህ፣ ተራህ ሲያልቅ ወንበሩን ለባላጋራህ ትለቃለህ። ከሁለት አንዱ ያለ ከተማ ሲቀር ያልቃል። እሳቸው ሮም፣ እኔ ካርቴጅ ሆነን፣ በምሳ ሰዓት ባለጉዳይ እስኪመለስ ዓለምን እንካፈላለን።

እኔ ቁጡ ነኝ፤ ጦርነቴም እንደ እኔው ነው። ያለኝን ጦር ሁሉ ሰብስቤ ትልቁን ከተማ ፊት ለፊት እገጥማለሁ። እሳቸው ከተማ አይነኩም፤ መንገዱን ይይዙና ስንዴ እንዳይገባ አድርገው ሻያቸውን ይጠጣሉ። ተርቤ ስወጣ ይቀበሉኛል። እንዲህ እያሉ ከተሞቼን ለቃቅመው አንዲት ብቻ ቀረችኝ። ስም መቀየር ስለሚቻል አዳማ ብያታለሁ።

በቃ፣ አንድ ተራ ቀረ ብዬ ሻንጣዬን አሰናዳሁ። የሮም ጦር አዳማን ከበበ። ከበበና ተቀመጠ።

መጀመሪያ የረሱት መሰለኝ። ግንቡን አፈረስኩላቸው፤ አልገቡም። ወታደሮቼን በተንኩ፤ አልገቡም። በመጨረሻ አንድ ገበሬ ልኬ ሮምን ወጋሁ፤ ያ ሁሉ ጦር ገለል ብሎ አሳለፈው! ሕዝቤ ሲራብ ደግሞ ስንዴ ላኩልኝ። የፈሩት ይደርሳል፣ የጠሉት ይወርሳል ይባላል፤ እኔ ግን ወራሽ አጣሁ።

«ለምን አይገቡም?» ብዬ ጮህኩ።

«ወርያ፣ ስትራቴጂ ነው። የተቸኮለ ድል ዕድሜ የለውም።»

በመሥሪያ ቤታችን ያልተሠራ ሥራ ሁሉ «በሂደት ላይ» ተብሎ ነው ሪፖርት የሚደረገው። የእኔም አዳማ በሂደት ላይ ሆነች።

ለሮዛ ደውዬ ይህንኑ አስረዳኋት።

«የኋላ፣ እኔ የምጠብቀው ባሌን ነው ወይስ ካርቴጅን? ከተማዋን ከፈለጋት ስጠውና ና! አለዚያ እዚያው ንገሥ።»

ስልኩን ዘጋችው። ደነገጥኩ፤ የምሯን ነበር።

«ስጠው» ያለችው ግን ከጭንቅላቴ አልወጣም። ለካ አቶ ዐብዲወሃብ ስንዴ የላኩልኝ ጨዋታው ውስጥ ባለ የስጦታ መላኪያ ኖሯል፤ ስንዴም፣ ወርቅም፣ ከተማም ይሰጣል። መውጋት እንጂ መስጠት ስለማላውቅ ከፍቼው አላውቅም። ተቀባዩ ደግሞ «እቀበላለሁ» ማለት አለበት። አቶ ዐብዲወሃብ ብቻቸውን ከሆኑ እንደማይሉ አውቃለሁ። ሰው ፊት ግን የቀረበላቸውን አይመልሱም፤ ዘመድ ያመጣላቸውን የግመል ወተት ሆዳቸውን እያመማቸው ሲጠጡ አይቻለሁ።

አጎታቸው ሽማግሌው ሳሃል ከአውበሬ ከተማ ሊጠይቋቸው ቢሮ የመጡ ዕለት ስጦታውን ላክሁና ኮምፒውተሩን ወደ ሁለቱም አዞርኩት።

«ይህ ምንድነው?» አሉ ሽማግሌው።

«አዳማን ለአቶ ዐብዲወሃብ ሰጥቻለሁ።»

«ሙሉዋን?»

«ከነሕዝቧ።»

ሽማግሌው ወደ አለቃዬ ዞሩ። «ሰው አዳማን የሚያህል አገር ሲሰጥህ ዝም ትላለህ? ተቀበለው እንጂ! አንተስ ለእሱ ምን ትሰጠዋለህ?»

አቶ ዐብዲወሃብ ተቀበሉ። ከዚያ መልቀቂያዬን አውጥተው ፈረሙ።

«ከአንተ በፊት ደሬሳ ነበር፣ ከእሱ በፊት ተሜ» አሉ ብዕራቸውን እየከደኑ። «ሁሉንም አሸነፍኳቸው፤ ሁሉም ሄዱ። ከዚያ የሚቀረኝ ኮምፒውተሩ ነው። እሱ ደግሞ አይናደድም።»

ከልቤ አዘንኩላቸው፤ በሆዴ ስሰድባቸው የከረምኩትን አስታውሼ አፈርኩ። ቢሆንም መልቀቂያዬን ኪሴ ከተትኩ።

በማግስቱ የአዳማው አውቶብስ ባቢሌ ቆሞ ሰዉ ለውዝ ሲገዛ ስልኬ ጠራ።

«የኋላሸት፣ አዲስ ጀምሬያለሁ» አሉ አቶ ዐብዲወሃብ። «ካርቴጅን ለአንተ ይዤልሃለሁ። አንተ ንገረኝ፣ እኔ ወንበርህ ላይ ተቀምጬ ቁልፉን እነካልሃለሁ። ተራህ ነው።»

ደሜ ፈላ። ፈረሰኞቼን በሙሉ ወደ ሮም ልነዳ አፌን ስከፍት፣ በመሐል የሮዛ ስልክ ገባ።

«አቶ ዐብዲወሃብ» አልኩ፣ «ፈረሰኞቼ መንገዱን ይዘው ይቁሙልኝ። ሚስቴ እየደወለች ነው።»