ከደሴቱ የመጣች ወፍ

ወለላ ጀዳ፣ በግዳዲያ ሰፈር፣ ማዳም ሱሀይላ ቤት ትሠራለች። ማዳሟ የወፍ ተመራማሪ ናቸው። በየመጸው ወፎች ከሰሜን ወደ አፍሪካ ሲሻገሩ፣ ከጀዳ ፊት ለፊት ባለች ትንሽ ደሴት ላይ መረብ ይዘረጋሉ። የያዙትን ወፍ በጨርቅ ከረጢት አድርገው ይመዝኑታል፤ እግሩ ላይ ቁጥር ያለው ቀለበት አስረው ይለቁታል። ወለላም አብራ እየሄደች ታበስላለች።

ዘንድሮ የመጨረሻው ቀን ላይ ነፋስ ተነሣ። ባለጀልባው ቶሎ እንውጣ ስላለ ዕቃውን እንደነገሩ ሰብስበው ማታ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጁምዓ፣ የወለላ የዕረፍት ቀን ነበር። መካ፣ ዛሂር ሰፈር ከምትኖረው የአክስቷ ልጅ ከዘሊካ ጋር ትንሹን ሐጅ፣ ዑምራን ሊያደርጉ ተቀጣጥረዋል። ወለላ ታጥባ፣ ሰግዳ፣ በልቧ ነይታ፣ ዑምራው እስኪያልቅ የሚጸናውን ኢሕራም ገባች። ታክሲው እስኪመጣ የደሴቱን ከረጢቶች ለማጠብ ስታነሣ አንደኛው ተንቀሳቀሰ።

ማዳም ሱሀይላ ወጣ ብለዋል፤ ስልካቸውም አይነሣም። ለዘሊካ ደወለች።

"ኢሕራም ላይ ሆኜ ወፍ እጄ ገባች።"

"ያ ረቢ! የምን ወፍ?"

"የማዳም። ረስተዋት ነው፤ ቀለበት እንኳ አላሰሩላትም።"

"ኢሕራም ላይ የዱር ወፍ መያዝ አይቻልም እኮ! ልቀቂያት፣ ኸላስ!"

"ማዳምስ?"

"ኢሕራም የገባሽው አንቺ ነሽ ወይስ ማዳም?"

ወለላ በረንዳ ወጥታ ከረጢቱን ፈታች። ወፏ ግራጫ ናት፤ ከድንቢጥ ትንሽ ትበልጣለች። የበረንዳው ብረት ላይ ወጥታ ተቀመጠች እንጂ አልበረረችም። የጎረቤት ድመት ከታች አየቻት። ወለላ በሳህን ውሃ አስቀምጣ፣ መጥረጊያ ይዛ ቆመች። ብትሞት ጥፋቱ የኔ ነው ብላ ፈራች። ታክሲው መጥቶ ጥሩምባ ነፋ። አልወረደችም፤ ጥሏት ሄደ።

ማዳም ሱሀይላ ሲመለሱ ወፏ እዚያው ነበረች።

"ምንድን ነው ይሄ?"

"ከረጢት ውስጥ ቀርታ ነው፣ ማዳም። ኢሕራም ስለገባሁ ለቀቅኳት።"

ማዳም ሱሀይላ ሊይዟት እጃቸውን ሲዘረጉ ወፏ ብድግ አለች፤ ከጣሪያዎቹ በላይ አልፋ ወደ ባሕሩ ሄደች። ወለላ የሚቆጧት መስሏት አቀረቀረች። እሳቸው ግን ባዶውን ከረጢት አንሥተው ውስጡን አዩ።

"ሌሊቱን ሙሉ እዚህ ውስጥ አሳደርኳት" አሉ። ከዚያ የመኪናቸውን ቁልፍ አነሡ።

"ያላ፣ መካ አደርስሻለሁ።"

ዘሊካን ከዛሂር ይዘው ለከሰዓቱ የዐስር ሶላት ታላቁ መስጊድ፣ ሐረም ደረሱ። ማዳም ሱሀይላ እዚያው አቅራቢያ፣ ጀርወል ሰፈር መኪና አቁመው፣ ሁለቱ ዑምራቸውን እስኪጨርሱ ጠበቁ።