ስልኮቹ የታረቁ ዕለት

ሁለቱ የዓለም ታላላቅ ስልክ ሠሪዎች ታረቁ ተባለ። ስንት ዓመት ተኳርፈው የኖሩ ናቸው። ከአንዱ ስልክ ወደ ሌላው መልእክት ሲሻገር ፎቶው ጭጋግ ለብሶ፣ ቪዲዮው የጥፍር ቅንጣት አክሎ፣ ምልክቱ ወደ እንግሊዝኛ ተቀይሮ ነበር የሚደርሰው። በመጨረሻ «በቃ፣ ከእንግዲህ በወጉ እንጻጻፍ» ተባባሉ። በእኛ ከተማ በመካነ ሰላም ቢሆን ኖሮ ሽማግሌ ገብቶበት፣ ጥፋተኛው ተወቅሶ፣ ከምሳ በፊት ያልቅ ነበር። እነሱ ግን የተማሩ ናቸውና ጊዜ ፈጀባቸው።

በከተማው ውስጥ ይህን እርቅ እንደ ገዛ ሰርጉ የቆጠረው አዩብ ነው። አዩብ ከመናኸሪያው አጠገብ ባለች ጠባብ ሱቁ ስልክ ይሸጣል፣ ይጠግናል፣ ማንበብ ለማይችል ያነባል፣ መጻፍ ለማይችል ይጽፋል። በገበያ ቀን ሱቁ ልጆቻቸው ዓረብ አገር ባሉ እናቶች ይሞላል። «ከእንግዲህ ፎቶው ጥርት ብሎ ይደርሳል፤ ማዶ ያለው ሰው ሲጽፍ ሦስት ነጥብ ሲንቀሳቀስ ይታያል፤ ማንበቡም ይታወቃል» እያለ ለገባ ለወጣው ይሰብክ ነበር። ማንበቡ መታወቁ ለማን እንደሚበጅ የጠየቀው ግን አልነበረም።

ከደንበኞቹ ሁሉ ቀንደኛዋ እማማ ኡምኩልሱም ነበሩ። ልጃቸው አለምነው ዱባይ ነው ያለው። እንደሄደ ሰሞን እንደ ሰው ይደውል ነበር፤ አይፎን ከገዛ ወዲህ ግን ሰላምታው አጠረ። «የመንደር ወሬ በዛብኝ» ብሎ ከቤተሰቡ የቴሌግራም ግሩፕ ወጣ። አንድሮይድ ከያዘ ሰው የሚመጣ መልእክት በእሱ ስልክ ላይ አረንጓዴ ሆኖ ይታያልና፣ የወለዱትን እናቱን ጨምሮ ዘመዶቹን በሙሉ «አረንጓዴዎቹ» ይላቸው ጀመር። ሲደወልለት ሁልጊዜ ሥራ ላይ ነው። ለዓረፋ ብቻ ይደውልና «እንዴት ናችሁ፣ ደህና ናችሁ፣ በሉ ሰው እየጠራኝ ነው» ብሎ ይዘጋል። «ቁም ነገር ያለው ሰው ቴክስት ይላክልኝ» አለ። ሐቁን ለመናገር ለእናቱ ገንዘብ መላኩን አላቋረጠም፤ የተቋረጠው ድምፁ ነው።

እናም እማማ ኡምኩልሱም ቁም ነገራቸውን ይዘው አዩብ ሱቅ ይመጣሉ። ስለ ላሟ፣ ስለ ጉልበታቸው ሕመም፣ ስለ ዝናቡ መዘግየት፣ ጎረቤት ስለወለደችው ልጅ ያስጽፋሉ። አለምነው ይህ ሁሉ ሲደርሰው አንዲት ምልክት ይጫናል፤ ወይ አውራ ጣት፣ ወይ ልብ፣ ወይ ሳቅ። ያኔ ስልኮቹ ገና አልታረቁምና ምልክቱ እንደ ምልክት አይደርስም። የራሳቸው የእማማ ጽሑፍ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ከፊቱ ተለጥፎበት ተመልሶ ይመጣል። ቃሉ «ወደደው» ማለት ነው፤ አንዳንዴም «ሳቀበት» ይላል። ሌላ ምንም የለውም።

ታዲያ አዩብ ምን ያድርግ? አሮጊቷ ሻሻቸውን አስተካክለው፣ ዱካ ላይ ተቀምጠው፣ ዓይን ዓይኑን እያዩ «እስቲ ምን አለ ልጄ?» ይሉታል። ላም ታመመች ብለው ላስጻፉት «ወደደው» ብሎ ይንገራቸው? የመጀመሪያ ዕለት ትንሽ ጨመረበትና «አብሽሪ እማዬ፣ አላህ ያሽርልሻል ይላል» አለ። በሌላው ጊዜ በልጃቸው ስም ስለ ጉልበታቸው ጠየቃቸው። እያደር እጁ ተፍታታ። «ብርድ ላይ አትቀመጪ፣ ጉልበትሽን ቅቤ እሺው፣ እኔን እዚህ ያቆመኝ ያንቺ ዱአ ነው» እያለ ያንበለብለው ጀመር። እማማ እያለቀሱ፣ እየመረቁት ይሄዳሉ፤ በየደረሱበት ቤትም በቃላቸው ይደግሙታል። ሰፈሩ ሁሉ ልጅ ለወለደ ሰው «እንደ አለምነው ያለ ያድርግልህ» ማለት ለመደ። ዱባይ ያለው አለምነው እዚህ እንዲህ ያለ ስም እንዳለው ቢሰማ፣ ይሄ ደግሞ ማነው ብሎ ሌላ ሰው ይፈልግ ነበር።

የአለምነው እህት ሱሀይላ ከሪያድ የተመለሰችው በዚህ መሐል ነው። አንድ ቀን የእናቷን ስልክ አነሳችና አነበበች፤ ያቺን ታህል እንግሊዝኛ አታጣም። ከዚያ «አለምነው ምን ምን ይልሻል እማዬ?» ብላ ጠየቀች፤ እናቷም አንድ ሳያስቀሩ ነገሯት። በማግስቱ ሱቁ መጣች። አዩብ ልትሰድበው መስሎት ከተቀመጠበት ተነሳ። እሷ ግን «እኔ ሪያድ በነበርኩ ጊዜ እንደዚህ የሚጽፍልኝ ሰው አላገኘሁም» አለችው። ነገሩ የተጀመረው እንዲህ ነው፤ ወላሂ ሌላ ተንኮል የለበትም።

እነሆ አዩብ ሱሀይላን ሊያገባ ፈለገ፤ እሷም ፈለገች። «ቤተሰቤ እንቢ ካለ ግን እዚህ ቁጭ ብዬ የሰው አፍ አልጠብቅም፣ ሪያድ እመለሳለሁ» ብላዋለች፤ ፓስፖርቷንም አሳድሳ ጨርሳለች። አባቷ አበጋዝ ሞተዋል፤ አባት ከሌለ ደግሞ ወሊ ሆኖ ኒካውን፣ ጋብቻውን ማለት ነው፣ የሚፈቅደው ታላቅ ወንድሟ አለምነው ነው። እማማ ኡምኩልሱም ቀድመው ቢጠየቁ «እንደ አለምነው ያለ አስተዋይ ልጅ እያለኝ እኔ ምን አገባኝ? እሱ ያለው ይሁን» አሉ። አዩብ ይህን ሰማ። ያን አስተዋይ አለምነው በገዛ ምላሱ አሳድጎ ራሱ ላይ አስቀምጦታል።

ያም ሆኖ ተዘጋጀ። የእማማን ስልክ ወስዶ አፕዴት አደረገላቸው፤ በእርቁ የመጣውን አዲሱን መልእክት መላኪያም በገዛ እጁ ከፈተው። ለምን ቢሉ፣ በሱፍ የተነሳው ፎቶ ለአለምነው ጥርት ብሎ እንዲደርስ ነው። ሱፉ የተውሶ ነበር፤ እጅጌው ትንሽ አጠር ይላል። በድሮው ጭጋግ ውስጥ ቢሆን ይህ ባልታየም።

ሽማግሌዎች ተላኩ። አንደኛው የአዩብ አጎት ጋሽ ደሳለው ናቸው፤ ሁለተኛው ጎረቤታቸው መምሬ ወልደ ሚካኤል። ወጉ የታወቀ ነው፤ ሽማግሌ «እሺ» ሳይባል የቀረበለትን አይቀምስም። ሳይቀምስ ተነስቶ ከወጣ ደግሞ ነገሩ ፈረሰ ማለት ነው፤ ሁለተኛ አይመለስም። ሙሽራ የሚሆነውም በዚያ ቀን የልጅቱን ቤት ደፍ አይረግጥም። ይህ ወግ ሲወጣ ወሊው ዱባይ ይሆናል ብሎ ያሰበ ሰው አልነበረም።

እማማ ኡምኩልሱም ስልካቸውን አውጥተው «ለልጄ ንገሩት» አሉ። ጋሽ ደሳለው መነጽራቸውን ረስተው መጥተዋል። መምሬ ማንበቡን ማን ብሏቸው፣ ጣታቸው ግን አንድ ፊደል ሲነኩ ሦስቱን ይጨፈልቃል። ስለዚህ የምትጠየቀው ልጅ ራሷ የጠያቂዎቿን ቃል ጻፈች። «ልጅ አለምነው፣ አሰላሙ አለይኩም። እህትህን ለልጃችን ለአዩብ ትሰጠን ዘንድ እናትህ ቤት ተቀምጠን መልስህን እንጠብቃለን» የሚል ነው። የባለ ሱፉ ፎቶም አብሮ ተላከ።

አዩብ ሱቁ በር ላይ ቆሞ ስልኩን እያየ ነው። ሱሀይላ ከጓዳ ሆና በራሷ ስልክ እየጻፈችለት ነበር። «ተላከ።» ቀጥሎ «አነበበው።» ቀጥሎ «እየጻፈ ነው፤ ሽማግሌዎቹ ነጥቦቹ ሲንቀሳቀሱ እያዩ ነው።» ቀጥሎ «መጻፉን ተወው።» ነጥቦቹ መጡ፣ ሄዱ፣ መጡ። ወጡ ቀርቦ እየቀዘቀዘ ነው። ጋሽ ደሳለው ሰሐኑን ላለማየት ጣራ ጣራውን ያያሉ። መምሬ ጾም ላይ ስለነበሩ ለብቻ የተሠራላቸው ሽሮ ፊታቸው ነው፤ እሱንም እንዳይቀምሱ ወጉ ያዛቸው። ድሮ ቢሆን «ኔትወርክ የለም» ይባልና የሁሉም ክብር ይጠበቅ ነበር። አሁን ማንበቡ ታውቋል፤ እንዲታወቅ ያደረገውም አዩብ ነው።

ከዚያ ሱሀይላ «ሳቀ» ብላ ጻፈች። ወዲያው ደግሞ «ሊነሱ ነው፣ ና» አለች።

አዩብ ሱቁን ሳይዘጋ ሮጠ። አጥሩ ጋ ሲደርስ ወጉ ትዝ አለውና ቆም አለ፤ የጋሽ ደሳለውን የቁጣ ድምፅ ሲሰማ ግን ደፉን ዘሎ ገባ። አጎቱ ከዘራቸውን ይዘው ቆመዋል። ስልኩ መደቡ ላይ ተቀምጧል፤ በሽማግሌዎቹ ቃል ጥግ ላይ ጥርሷን ያገጠጠች፣ እንባዋ የፈሰሰ ቢጫ ፊት ተለጥፋለች።

«አንተ ደግሞ ምን ልታደርግ መጣህ? ነውር የሚባል አታውቅም?» አሉት ጋሽ ደሳለው።

«ጋሼ፣ እባክዎ አይውጡ። በእናንተ አይደለም የሳቀው።»

«እኔ የስልክ ነገር አላውቅም» አሉ መምሬ ወልደ ሚካኤል፣ «ግን ጥርስ አይቻለሁ። እንባው እስኪመጣ ነው የሳቀው።»

አዩብ ጨነቀው። እንግሊዝኛ ቢሆን ያውቅበታል፤ «ሳቀበት» የሚለውን ስንት ጊዜ ምርቃት አድርጎ አሳልፎታል። ይቺ ፊት ግን አስተርጓሚ አትፈልግም፤ ፊደል ያልቆጠረውም ያያታል። ስልኮቹ ታርቀው እሱን ሥራ አስፈትተውታል። ጋሽ ደሳለው ደግሞ ወደ በሩ መራመድ ጀምረዋል።

«አለምነው አንብቦ አይጨርስም ጋሼ» አለ። «ይጫናል፣ ያልፋል። ሲመጣለት ልብ፣ ሲመጣለት ሳቅ ይጫናል። ለማንም እንዲህ ነው።»

«ማነው አንብቦ የማይጨርሰው?» አሉ እማማ ኡምኩልሱም። «ያን ሁሉ የሚጽፍልኝ ልጄ ነው?»

ሱሀይላ ጓዳው በር ላይ ቆማ መሬት መሬቱን ታያለች። አዩብ አየት አደረጋት። ዝም ቢል ሽማግሌዎቹ ይወጣሉ፣ ሱሀይላም ትሄዳለች። ቢናገር ደግሞ የእኚህን እናት ልጅ፣ ያን አስተዋይ አለምነውን፣ ከፊታቸው መውሰዱ ነው።

«እማማ፣ እሱ ጽፎልዎት አያውቅም። ምልክቷን ብቻ ነው የሚልከው። ሌላውን ስልዎት የኖርኩት እኔ ነኝ።»

እማማ ጉልበታቸውን በእጃቸው ያዙ። ከዚያ «ጉልበትሽን ቅቤ እሺው ያለኝስ?» አሉ።

«እኔ ነኝ።»

«በረመዳን ታምሜ ተኝቼ፣ አጠገብሽ ስላልሆንኩ አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ ያለኝስ?»

አዩብ አንገቱን ደፋ። ጋሽ ደሳለው ከበሩ ተመልሰው ቁጭ አሉ። ሽምግልና ስንት ዘመን ሲሄዱ እንዲህ ያለ ነገር ገጥሟቸው አያውቅም፤ መቆጣት ይሁን ማጽናናት የሚገባቸው ለዩት ብትሏቸው አይለዩትም።

እማማ ኡምኩልሱም ስልኩን አንስተው ለአዩብ ሰጡት። «ጻፍ» አሉት። «እኔ ያልኩህን ብቻ ጻፍ፤ አንዲት ቃል እንዳትጨምር። እናትህ ነኝ በለው። እህትህን ለአዩብ ልሰጥ ነው፣ ትፈቅዳለህ ወይ በለው። እስከ ዛሬ ያንተ መስሎኝ የሰማሁት ሁሉ የሰው ቃል ነው አሉኝ። ከራስህ የመጣ አንድ ነገር ጻፍልኝ፣ አጭርም ቢሆን ግድ የለኝም በለው።»

አዩብ ምንም ሳይጨምር ጻፈና ላከው። መልእክቱ እንደተባለው በወጉ ደረሰ፤ ወዲያውም ተነበበ። ነጥቦቹ መጡ። ሁሉም አንገቱን አስግጎ ተጠባበቀ፤ እማማ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል፣ ዱአ ላይ ናቸው። ነጥቦቹ ጠፉ። ከዚያ በጽሑፉ ጥግ ላይ አንዲት ቢጫ አውራ ጣት ቁጭ አለች።

«ይቺንስ እኔም አውቃታለሁ» አሉ ጋሽ ደሳለው ፊታቸው ፈክቶ። «ፈቅዷል። አልሐምዱሊላህ።» መምሬም «እሰይ፣ የተባረከ ይሁን» ብለው ወደ ሽሯቸው ጠጋ አሉ። ሱሀይላ አፏን በሻሿ ሸፈነች። አዩብ የፈለገውን አገኘ፤ ደስ ሊለው ሲል ግን እማማን አያቸው።

ስልኩን ወደ እሱ አዙረው ይዘውታል። «ምን ይላል?» አሉት።

«እሺ ይላል።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ ነው፣ እማማ።»

እማማ ስልኩን ዘጉና መደቡ ላይ በደረቱ ደፉት። «በሉ ብሉ እንግዲህ፣ ወጡ ቀዘቀዘ» አሉ ለሽማግሌዎቹ። ከዚያ ወደ አዩብ ዞሩ። ዓይናቸው እርጥብ ነበር፤ ድምፃቸው ግን አልተንቀጠቀጠም። «አንተም ና ተቀመጥ። ከዛሬ ወዲያ የምትለኝ ካለህ በራስህ ስም በለኝ።»

አዩብ አፉን ከፈተ። በአለምነው ስም ያን ሁሉ ጊዜ ሲያንበለብለው የኖረው ቃል በራሱ ስም አንዱም አልመጣ አለው፤ ጎንበስ ብሎ የሚያማቸውን ጉልበት ሳመ።