ካርድ ያላወጣችው

ወይዘሮ ዙሃራ እጅጌያቸውን ሰብስበው ለግፊት መለኪያው ክንዳቸውን እንደዘረጉ ነርሷ አልፋቸው ሄደች።

"ሲስተር፣ ባለ ካርዷ እኔ ነኝ" አሉ።

"አውቃለሁ እናቴ። እመለሳለሁ።"

ነርሷ መይሙና ትባላለች። ልደታ ባለው ጤና ጣቢያ፣ ማን ቶሎ ይታይ፣ ማን ይቆይ የምትለው እሷ ናት። ወይዘሮ ዙሃራ ከገቡ ጀምሮ ዐይናቸውን ከእሷ አልነቀሉም። አትሮጥም፤ አትቆጣም። አግዳሚው ላይ የተቀመጠውን ሰው ሁሉ ከዳር እስከ ዳር ታይና ወደ አንዱ ትሄዳለች። የምትሄድበት ሰው ደግሞ ብዙ ጊዜ የጮኸው አይደለም።

ከሰንጋ ተራ ግንባታ የመጣው ቶኩማ እጁን ቆርቆሮ ቆርጦት፣ በሸሚዙ ጠቅልሎ ሲገባ ደሙን ያየ ሁሉ ተንጫጭቶ ነበር። መይሙና ቁስሉን ገልጣ አየች፣ ጣቶቹን አንድ በአንድ አንቀሳቅስ አለችው፣ ከዚያ ጠበቅ አድርጋ አሰረችው።

"ይሰፋል፤ ግን ትንሽ ይቆያል። እጅህን ወደ ላይ ይዘህ ተቀመጥ።"

"እንደ ተማሪ እጄን አውጥቼ?"

"ጥያቄው እስኪመጣ እንዳታወርደው።"

ሰው ሳቀ። አቶ ገብረየሱስ ብቻ አልሳቁም። ፍርድ ቤት ቀጠሮ አላቸው፤ ፋይላቸውን ጉልበታቸው ላይ እየመቱ "ጨጓራዬን እያቃጠለኝ ነው፤ ዳኛ ይጠብቀኛል እንዴ?" ይላሉ። እሳቸውንም ትርታቸውን ይዛ፣ ደረታቸውን ይጫናቸው፣ ያልባቸው እንደሆነ ጠይቃ ነው እንዲቆዩ የነገረቻቸው።

አሁን የቆመችው ሳሚያ ፊት ነው። ሳሚያ የወይዘሮ ዙሃራ ምራት ናት፤ የስምንት ወር እርጉዝ። የመጣችው አማቷን ለመደገፍ ስለሆነ ካርድ አላወጣችም። የአማቷን ቦርሳ አቅፋ፣ ፊቷን ከመስኮቱ ብርሃን አዙራ ተቀምጣለች።

"ዐይንሽን ለምን ጨፈንሽ እህቴ?"

ሳሚያ ወደ አማቷ አየች።

"እንቅልፍ ነው" አሉ ወይዘሮ ዙሃራ። "የእርጉዝ ነገር ታውቂው የለም? ቤቴ ስትገባ ከሲታ ነበረች፤ በአጥሚት ያፋፋኋት እኔ ነኝ። ፊቷን አታዪውም?"

"እያየሁት ነው።"

መይሙና ጎንበስ ብላ የሳሚያን ቅልጥም በአውራ ጣቷ ጫን አድርጋ ለቀቀች። ጣቷ ያረፈበት ቦታ ጎድጉዶ ቀረ። ወይዘሮ ዙሃራ አዩት። ለጎረቤት ሁሉ "አማረባት፣ ደለበች" እያሉ ያወሩለት ገላ ነው።

"ይሄ እብጠት ነው። እኔን እያየሽ መልሺልኝ። ራስሽን ያምሻል?"

"ከትናንት ወዲያ ጀምሮ። ዐይኔ ላይም ብልጭ ብልጭ ይላል።"

"ክትትልሽስ?"

"ባለፈው ቀረሁ። እማ አሟቸው ነበር፤ ትቻቸው እንዴት ልሂድ?"

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ ወይዘሮ ዙሃራ።

"እርስዎ ታመው እኔ ስለ ራስ ምታት ላውራ?"

ለወይዘሮ ዙሃራ የመጣው የግፊት መለኪያ በሳሚያ ክንድ ላይ ተጠመጠመ። መይሙና ቁጥሩን አይታ እንደገና ለካች። ወደ ረዳት ነርሱ ዞረች፤ ድምፅዋ ከፍ አላለም።

"ሰላሁን፣ አልጋውን አዘጋጅ። ዶክተሩን ጥራልኝ፤ አምቡላንስም ይጠራ። ከባድ የእርግዝና ግፊት ነው።"

አቶ ገብረየሱስ ተነሱ። "ካርድ እንኳ የላትም! ቀድመን የመጣነውስ?"

"ካርዱ በኋላ ይወጣል አባቴ። እርስዎም እንዳመመዎት አውቃለሁ። እሷን ግን አሁን ካንቀጠቀጣት የሁለት ሰው ነፍስ ነው።"

ሰውየው ፋይላቸውን አቅፈው ተቀመጡ። "እሺ፣ ተራዬን ትውሰድ" አሉ።

"ወስዳዋለች እኮ አባባ" አለ ቶኩማ፣ እጁን እንደሰቀለ።

ዶክተሩ መጥቶ አየና "ልክ ነሽ፣ መርፌውን ጀምሪ" አላት። ሳሚያ በግራ ጎኗ ተኛች። መይሙና መንቀጥቀጡን የሚከላከለውን መርፌ ወጋቻት፤ ትንፋሽዋን እየተከታተለች ግፊት የሚያወርደውን አስከተለች። እጆቿ አይጣደፉም፤ ነገር ግን አንዱ ሥራ ሲያልቅ ሌላው ተጀምሮ ይገኛል። ወይዘሮ ዙሃራ በሩ ላይ ቆመው ያያሉ። ዕድሜያቸውን በንግድ ያሳለፉ ሴት ናቸው፤ የሚገዛውን ሰው ዋጋ ጠይቆ ከሚሄደው ገና ሲገባ ይለዩታል። አንድ ቤት አብራቸው የምትውለውን ልጅ ግን አላዩአትም። ይቺ ሴት ከማዶ ሆና አየቻት።

አምቡላንሱ መጣ። ሳሚያ ስትገባ ወይዘሮ ዙሃራ ተከተሉ።

"እርስዎ አይሄዱም" አለች መይሙና።

"ልጄ ናት እኮ!"

"ሰላሁን አብሯት ይሄዳል። የእርስዎ ግፊት ገና አልተለካም፤ ቅድም ሲገቡ ግድግዳ ሲይዙ አይቻለሁ። መንገድ ላይ ቢወድቁ እሱ ማንን ይያዝ?"

ቤታቸው ውስጥ ቃላቸውን የሚመልስ ሰው የለም። አንድ እግራቸው መኪናው ላይ ነበር። አወረዱት።

መኪናው ከግቢው ሲወጣ ልጃቸው ሙደሲር ከሱቅ ደወለ። "እማ፣ ጨረሳችሁ? መጥቼ ልውሰድሽ?"

"እዚህ አትምጣ። ሳሚያን ግፊት ይዟት ወደ ጥቁር አንበሳ እየወሰዷት ነው። ሱቁን ዘግተህ እዚያ ድረስላት።"

"ያ አላህ! አንቺስ? ብቻሽን ነሽ?"

ወይዘሮ ዙሃራ ዞር ብለው አዩ። መይሙና እጇን ታጥባ እንደገና አግዳሚውን ከዳር እስከ ዳር እያየች ነበር።

"ሰው አለኝ" አሉ። "አንተ እሷ ጋ ሂድ።"