ትርፍ ውሃ

ፍራው ሊንድነር ቀዩን እርሳስ ሠንጠረዡ መሀል ላይ አሳርፈው ቀና አሉ። አምሳል ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ ጣቶቿን ሹራቧ እጅጌ ውስጥ ሸሸገች። መምህርቷ ስህተት ሲያገኙ አስምረው ቶሎ ያልፋሉ፤ አሁን ግን እርሳሱ ካረፈበት አልተንቀሳቀሰም።

"እዚህ ቤት የሚኖረው ሦስት ሰው ብቻ ነው?" አሉ፣ ጀርመንኛው እንዲገባት ቃላቱን እየለዩ።

"አዎ።"

"የሚቀዳው ውሃ ግን የስድስት ሰው ነው። እነዚህም ቤቶች እንደዚሁ ናቸው። ለምን?"

አላውቅም አለች። እውነቷን ነበር።

ወደ ምሥራቅ ጀርመን የሚላኩት የመሰናዶ ተማሪዎች እያንዳንዳቸው አንድ የጥናት ዘገባ በጀርመንኛ ይጽፋሉ፤ ዘገባው ያልተሳካለት ጓደኞቹን ሸኝቶ ጎንደር ይቀራል። አምሳል የመረጠችው ከአምባ ጊዮርጊስ ማዶ፣ አክስቷ የሚኖሩበትን መንደር ምንጭ ነው። አንድ ቤት በቀን ምን ያህል ውሃ ይፈጃል? የፋሲካን ዕረፍት ምንጩ ዳር ድንጋይ ላይ ተቀምጣ እንስራ ስትቆጥር ከረመች። ሴቶቹ መጀመሪያ ሳቁባት። አንዷ እንስራዋን እያዘለች፣ "መሬቱን ለክታችሁ ጨረሳችሁ፤ አሁን ደግሞ ትርፍ ውሃ ልትሉን ነው?" ብላ ሁሉንም አንከተከተቻቸው። ቤታችሁ ስንት ሰው አለ ስትላቸው ግን ሳቁ ቆም ይል ነበር። ያኔ ልብ አላለችውም።

"የተለካ ቁጥር አይፋቅም" አሉ ፍራው ሊንድነር ወረቀቱን እየመለሱላት። "ምክንያቱን ካገኘሽው ከዘገባሽ ሁሉ ምርጡ ይኼ ነው። ካላገኘሽው ግን ስህተት ሆኖ ይቆጠርብሻል።" ሰኞ በታይፕ ተመትቶ በሦስት ቅጂ ይምጣ አሏት፤ አንዱ ለእሳቸው፣ አንዱ ለሚቀበላት ዩኒቨርሲቲ፣ ሌላው ጥናቱን ለፈቀደው የአውራጃ ጽሕፈት ቤት።

ቅዳሜ አክስቷ ወይዘሮ ሸዋረጋ ድንች ይዘው ገበያ መጡ። አምሳል ልታግዛቸው ወረደች። ጥያቄው ከአእምሮዋ አልወጣም፤ ድንቹን ስታቀብልም የሠንጠረዡ ረድፎች ዓይኗ ላይ ነበሩ። ድንቹ ሲያልቅ ወይዘሮ ሸዋረጋ በረባሶ ከሚሠራው ሰውዬ ፊት ቆመው ከመቀነታቸው አንድ የክትክታ ቀንበጥ አወጡ። ገበያ ላልመጣ ሰው ጫማ የሚገዛ ሁሉ እንዲህ ነው፤ የሰውየውን እግር በእንጨት ለክቶ ይመጣል።

አምሳል ሳታስበው እግሯን ከቀንበጡ ጎን አስጠጋች። መለካት ለምዶባታል። ቀንበጡ ከእግሯ በብዙ ረዘመ።

"የአያ መለሰ ነው?"

"የሱ ነው" አሉ አክስቷ ዞር ሳይሉ።

አያ መለሰ፣ የአክስቷ ባል፣ አጭር ሰው ናቸው፤ በበዓል ሰሞን የእሷን ሸራ ጫማ ተጫምተው ቤቱን ሁሉ አስቀው ነበር። ይህን የሚያህል እግር ያለው የበኩር ልጃቸው ዳኛው ነው። ዳኛው ደግሞ ሳንጃ ከተማ ሰሊጥ ነጋዴ ዘንድ ሥራ ከገባ ወራት አልፈዋል። ቀንበጡን አነሳችው። ልጡ ገና አረንጓዴ ነው፤ ጫፉም እንደረጠበ ነው።

"ዳኛው ከሳንጃ መጣ እንዴ?" አለች።

ወይዘሮ ሸዋረጋ ቀንበጡን ከእጇ ወስደው ሰበሩት። ሒሳቡን ከፍለው፣ በረባሶውን ነጠላቸው ሥር ሸጉጠው፣ ከጫጫታው ራቅ ወዳለ አጥር ጥግ ወሰዷት።

"ምነው ልጄ፣ ገበያ መሀል?"

"አልሄደም ማለት ነው?"

"ማን ሄደና። ለውትድርና አፈሳው ሲመጣ ሁሉም ቤት፣ ልጄ ሳንጃ ሄደ አለ። ያን ሁሉ ጎረምሳ ሳንጃስ የት ታስቀምጠዋለች?" ፈገግ ለማለት ሞከሩ። "ቀን ገደሉ ውስጥ ናቸው። ሲመሽ ገብተው ይበላሉ፣ ይታጠባሉ። ሰውን ትደብቂዋለሽ፤ ጥማቱን ምን ታደርጊዋለሽ?"

አምሳል ሳታስበው ሠንጠረዡን በልቧ ገለጠችው። ረድፎቹ ሁሉ አንድ በአንድ ገጠሙ። ደስ አላት፤ ወዲያውም በደስታዋ አፈረች።

"ወረቀትሽ ላይ አለ?" አሉ ወይዘሮ ሸዋረጋ።

"የነገራችሁኝን የሰው ቁጥር ጽፌአለሁ። ውሃውንም ጽፌአለሁ። መምህሬ ለምን በዛ አሉኝ።"

"አንቺስ?"

"አላውቅም አልኳቸው።"

"ሸጋ ብለሻል" አሉ አክስቷ፤ ነገር ግን እጇን እንደያዙ ቆዩ።

እሑድ ከሰዓት በኋላ የታይፕ ክፍሉ ባዶ ነበር። አምሳል በሦስቱ ወረቀቶች መካከል ካርቦን አስገብታ "ዲስኩሲዮን" የሚለውን ርእስ መታች፤ ውጤቱ የሚብራራበት ክፍል ነው። ከዚያ እጇ ቆመ። በመንደሩ የልጅ ቁጥር ለእንግዳ አይነገርም ብላ ብትጽፍ፣ ሰዎቹ ካሉት በላይ ናቸው ማለቷ ነው። ጠላ ይጠምቃሉ ብትል፣ ፍራው ሊንድነር በየትኛው ቤት፣ ስንት ጊዜ ይላሉ፤ ምንጩን ካላየሁ ብለውም ይነሳሉ። ጥሩ ምክንያት ሌላ ጥያቄ ይወልዳል። እሷም በእሳቸው ቦታ ብትሆን ሳትጠይቅ አታልፍም ነበር።

ማንም ተጨማሪ ጥያቄ የማይጠይቅበት አንድ መልስ ብቻ ቀረ። እንስራዎቹን ጣሳ በጣሳ የለካችበትን ቀን አስታወሰች፤ ሴቶቹ ውሃችንን አሞቅሽው እያሉ ሲያሾፉባት፣ እሷ አንዱንም ሳትዘል ስትጽፍ። ቁጥሮቹን አልነካቻቸውም። ከሥራቸው በጀርመንኛ እንዲህ ስትል ጻፈች፦

"እንስራዎቹ ሁሉ ሙሉ እንደሆኑ ገምቼ ቆጠርኩ እንጂ አልለካኋቸውም። በአንዳንድ ቤቶች የታየው ልዩነት የመጣው ከእኔ የአለካክ ስህተት ነው።"

ለአውራጃው በሚሄደው በመጨረሻው ቅጂ ላይ ፊደሉ ሁልጊዜ ይደበዝዛል። "ስህተት" የሚለውን ቃል ስትመታ፣ እዚያም ድረስ ጎልቶ እንዲወጣ ጠበቅ አድርጋ መታችው።